ሙዚቀኛ ወዴት ይሄዳል?

ወሊሶ ውስጥ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ ነበር። አያቱ ትምህርቱን ብቻ እንዲይዝ ይፈልጋሉ፤ የልጁ ልብ ግን ዘፈን ላይ ነው። አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ቴአትር ቡድን ትርኢት ሊያሳይ ወሊሶ ይመጣል። ልጁ ከቡድኑ አባላት አንዱ ከሆነው ከኢዩኤል ዮሐንስ ጋር ተገናኝቶ የሆዱን ያጫውተዋል። የሚያገኘው ምክር አዲስ አበባ እንዲመጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመዋል? ከትምህርት ቤት ጠፍቶ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ይሄዳል፤ ዘመድ ይዞ ይመልሰዋል። እንደገና ይነሣል፤ በዚህኛው ዙር ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ይገባል። ዕድሜው 14 ገደማ ነው። ስሙ ጥላሁን ገሠሠ።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ስንሰማው አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው የልጁን ጽናት ነው። እኔን ሲከነክነኝ የኖረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለምን አዲስ አበባ? ድምፁ እንደሆነ ወሊሶም አብሮት ነበር። ሰሚም አላጣም፤ ሱዳናዊው ርእሰ መምህሩ ሚስተር ሸዳድ ራሳቸው ያበረታቱት ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ መሸሽና መደበቅ ምን ፍለጋ ነው?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ይህንን ነው። የጥበብ ሰው፣ በተለይም ሙዚቀኛ፣ ከተማ ሲቀይር ምኑን ተከትሎ ነው የሚሄደው? «እንጀራ ፍለጋ ነዋ» ብለን ነገሩን ቶሎ እንዘጋዋለን። እንጀራውስ በርግጥ አለበት። ነገር ግን ታሪኩን ከወሊሶ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ስትከተሉት ከእንጀራው ጎን አንድ ሌላ ነገር አጥብቆ ይታያል። ሙዚቀኛ የሚሄደው አብሮት የሚጫወት ሰው ወዳለበት ነው። ደርሶ ያንን ሰው ሲያጣው ደግሞ ሙዚቃው ራሱ መልኩን ይቀይራል። (ነገሩ ከአንድ አገር በላይ ስለሚያካልል ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በጥላሁን ልጅነት ሳክስፎን፣ ትራምፔት ወይም ፒያኖ ማንም ተነሥቶ የሚገዛው ዕቃ አልነበረም። የመሣሪያው ባለቤት በአመዛኙ መንግሥት ነው፦ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሀገር ፍቅር ደግሞ ከእነዚህ ቀደም ብሎ በ1935 የተመሠረተ ነው። ሙዚቀኛው የተቋሙ ቅጥረኛ ነበር፤ ክቡር ዘበኛ የገባው ማዕረግ፣ የደንብ ልብስና የወር ደመወዝ ነበረው። ልምምዱ ተቋሙ ግቢ ውስጥ ነው፤ ኖታ የሚያስተምረው እዚያው ነው፤ መሣሪያው ከሥራ በኋላ የሚቆለፍበት መጋዘንም እዚያው ነው። ወሊሶ ቁጭ ብሎ ምርጥ ዘፋኝ መሆን ይቻል ይሆናል። ከኋላ አሥራ ምናምን ሰው ተሰልፎ የሚያጅበው ዘፋኝ መሆን ግን አይቻልም ነበር። እነዚያ ሰዎች በአመዛኙ ያሉት አንድ ከተማ ውስጥ ነዋ።

የሚያስደንቀው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ፤ እነዚያን ኦርኬስትራዎች የተከሏቸው ራሳቸው ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በአርመን ገዳም የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸውና 40ዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ በታሪካችን «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያን በኋላ መጥቶ በርካታ ኦርኬስትራዎችን አሠለጠነ፤ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» በምንለው ሙዚቃ ውስጥ የእሱ እጅ ትልቅ ነው። እስቲ አስቡት፤ የአዲስ አበባ ድምፅ የምንለው ነገር ቤት ያጡ ልጆች ከኢየሩሳሌም ይዘውት የመጡት፣ ከወሊሶ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከጅማና ከጎንደር የመጡ ልጆች የተቀበሉት ነው።

ከተማው ውስጥ መገኘት ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት የማሕሙድ አሕመድን አጀማመር ማየት ይበቃል። ማሕሙድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ መኪና ላይ መደበቅ አላስፈለገውም። አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራ ነበር። ክበቡ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡበት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ይቀራሉ፤ እሱ «እኔ ልዝፈን» ይላል። ባንዱ አጀበው፤ ብዙም ሳይቆይ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ እስከ 1974 እዚያው ሠራ። እንግዲህ ያ ምሽት የትኛው ገጠር ከተማ ላይ ሊፈጠር ይችል ነበር? ችሎታው እንዳለ ሆኖ፣ መድረኩ፣ ባንዱና የጎደለው ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ መገኘት ነበረባቸው።

እዚህ ላይ አዝማሪውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የእሱ መንገድ ለየት ያለ ነው። አዝማሪ መሣሪያው ማሲንቆ ነው፤ በትከሻው ይዞት ይዞራል። ግጥሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ግማሹን ደግሞ እንግዳው ራሱ «ተቀበል!» እያለ ያቀብለዋል። ደመወዙ ሽልማት ነው፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍ ብር። ስለዚህ ከጎንደር ወይም ከወሎ ተነሥቶ ካዛንቺስ ሲገባ ያንኑ ማታ ሥራ ሊጀምር ይችል ነበር፤ የሚያስፈልገው ጠጅ ወይም ቢራ የያዘ፣ አማርኛ የገባውና ስሙ ሲነሣ ደስ የሚለው ሰው ብቻ ነበር። ካዛንቺስ ለብዙ ዓመታት የአዝማሪ ቤቶች ሠፈር የሆነው ለዚህ ነው፤ አንዱ አዝማሪ ሌላውን እየሳበ። ሠፈሩ በ2024 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ማሲንቆው አልፈረሰም። ቤቶቹ ጎን ለጎን መሆናቸው ግን ቀረ፤ እንግዳ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ጎራ የሚልበት፣ አዝማሪውም የጎረቤቱን አዲስ ግጥም በጆሮው የሚሰማበት ቅርበት ማለቴ ነው። ይህንን ጉዳት ሰው እንደ ሕንፃ ቶሎ አያየውም፤ እኔ ግን ትልቅ ጉዳት ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ትልቁ ስደት እንምጣ።

ሙዚቀኛ ሌሊት የሚሠራ ሰው ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀና እስከ ደርግ መጨረሻ ድረስ በአንድም በሌላም መልኩ ቆየ። እስቲ ለአንድ ባንድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ሥራው ገና ሊሞቅ ሲል ከተማው ይዘጋል። ትንንሾቹ ክበቦች ተዘጉ። የተረፉት ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ዘዴ አገኙ፤ እላፊው ከመግባቱ በፊት የገባ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም አብሮት ያድራል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል የሚጫወተው እንዲህ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ፣ እስኪነጋ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ኃይሉ መርጊያ ነው፤ ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ፣ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ያደገ፣ አኮርዲዮን በ14 ዓመቱ የጀመረ። ዋልያስ በመንግሥት ኦርኬስትራ ሥር ያልነበረ፣ ራሱን የቻለ ባንድ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ሠሩ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አጅቧቸዋል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለውን ካልሰማችሁት ዛሬ ማታ ስሙት፤ እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም ባንዶች የሚጫወቱት ዜማ ነው።

ከእነሱ ቀድሞ ከተማውን የለቀቀ ሰው ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ አዋጁን ተዳፍሮ አሳተመ፤ ሙላቱን፣ ማሕሙድን፣ ዓለማየሁ እሸቴን በሸክላ ያገኘናቸው በእሱ ድፍረት ጭምር ነው። በ1975 አገር ጥሎ ወጣና ዋሽንግተን ላይ ምግብ ቤትና የሙዚቃ ክበብ ከፈተ። ይህንን በጥሞና ያዙልኝ። አሳታሚው ቀድሞ ሄደ፤ ሙዚቀኞቹ በኋላ መጡ።

ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ለጉብኝት ሄደ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። የተወሰኑት አዲስ አበባ ተመለሱ፤ አራቱ ቀሩ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ። በዚያው ዓመት ዘፋኟ አስቴር አወቀም አሜሪካ ገባች። ዋሽንግተን የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። ኤምባሲው እዚያ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት የሄዱ ተማሪዎች እዚያ ነበሩ፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም እዚያ ነው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባ ሰው ዘመዱና የአገሩ ልጅ ወዳለበት ጎረፈ። አዳምስ ሞርጋን በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተሞላ፤ ቆይቶ ዘጠነኛውና ዩ ስትሪት አካባቢ፣ ከዚያም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ሰሚ ሞልቷል። ታዲያ ሙዚቀኛው ኋላ ላይ ለምን ታክሲ መንዳት ያዘ?

ይኸው ነው እኔ የምወደው የጥያቄው አንጓ። ሰሚ መኖሩና ገበያ መኖሩ አንድ አይደሉም። ዋሽንግተን ያለው ኢትዮጵያዊ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ነው፤ ብዙው ሁለት ሥራ ይሠራል። ለሙዚቃ የሚሆነው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው፤ ሠርግ ካለም ቅዳሜ ቀን። በሳምንት ሁለት ማታ የሚሠራ ምግብ ቤት ስድስትና ሰባት ሙዚቀኛ ሊከፍል አይችልም። ገንዘቡ ለስንት እንደሚካፈል ባለቤቱም ሙዚቀኛውም ያውቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀሩት ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ናቸው፤ ቀጥሎ ከበሮው፤ ቀጥሎ ቤዙ። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ዘፋኝ ነው። ኪቦርዱ ከበሮውንም ቤዙንም ሕብረ ቃናውንም ይዞ ይሄዳል። ዓርብ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ አንዱ ምግብ ቤት ብትገቡ፣ ጥግ ላይ በሁለት እግር የቆመ ኪቦርድ፣ ከጎኑ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ የምግቡ ጠረጴዛ ተገፍቶ የተፈጠረች የጭፈራ ቦታ ታያላችሁ። የእስክስታ ምቱ ከማሽን ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ይህን «ሙዚቃችን ወረደ» ብሎ ይነቅፋል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ሰዓትና የጠረጴዛ ብዛት ተደምረው የወለዱት ቅርፅ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን በ1980ዎቹ ከሰዓት እላፊውና ከወጪው የተነሣ ባለ ነሐስ ባንዱ እየሳሳ ኪቦርድ እየነገሠ ነበር። ሁለቱ ከተሞች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ያዙ።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያደረገው ግን ይህንኑ እጦት ወደ ጥበብ የለወጠ ነው። አብሮት የሚጫወት ሙሉ ባንድ በሌለበት ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። የልጅነቱን አኮርዲዮን አወጣ። ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ ዲኤክስ 7 ደርድሮ፣ ከበሮውን ለድራም ማሽን ሰጥቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ቀዳ። የውጤቱ ስም «ሸሞንሟናዬ» ነው። ስትሰሙት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሰማችኋል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ የሚሰማ የአኮርዲዮን ትዝታና ከማሽን የሚወጣ ደረቅ ምት። ባንድ ቢኖረው ኖሮ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አይመስለኝም። ከተማው ያጎደለበትን በመሣሪያ ሞላው፤ የሞላበት መንገድ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ድምፅ ሆነ።

ካሴቱ ኢትዮጵያ ገብቶ ተሸጠ። ገንዘቡ ግን ሰው የሚያኖር አልሆነም። ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ላይ መጫወቱን አቆመ፤ ቆይቶም ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ያዘ። ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይንቀሳቀስ ነበር። ደለስ ላይ ታክሲ ተራ የሚጠብቀው ረጅም ሰልፍ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ሰዓታት። ሌላው ሹፌር ሲያወራ ወይም ሲያሸልብ እሱ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይለማመድ ነበር። ተራው ሲደርስ ወደ ዕቃ መጫኛው ይመልሰዋል። ግርማ በየነ፣ ያ የዘመኑ ስመ ጥር አቀናባሪ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። ለግርማ እጅግ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም አቀናባሪ ብቻውን ምን ይሠራል? ሙያው ሌሎች ሰዎች የሚጫወቱትን ማደራጀት ነው። ሰዎቹ ሲበተኑ ሙያው አብሮ ይበተናል።

እስቲ አሁን በዚያችው ዋሽንግተን የነበሩ ሌሎች የጥበብ ሰዎችን እንይ፤ ልዩነቱ ብዙ ያስተምራል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 በነጻ ትምህርት ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ፓሪስ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ በ1966 አዲስ አበባ ተመልሶ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከዚያ አሜሪካ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ብዙ ከተማ ቀያየረ፤ በየደረሰበት ሠራ። ብሩሽና ቀለም ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ሥዕል ፊት የሚቆም ሰው አማርኛ ማወቅ አይጠበቅበትም። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ገና በ1960ዎቹ ገዝቷል።

ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማም እንዲሁ። ጎንደር ተወልዶ በ1967 ቴአትር ሊማር ቺካጎ ሄደ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ፊልም ተማረ፤ ከ1975 ጀምሮ ሃዋርድ መምህር ሆነ። ፊልም እንደ ሙዚቃ ብዙ ሰው ይፈልጋል። እሱ ያንን ችግር በሁለት መንገድ ፈታው። ደመወዙ ከዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ኪራይ ለመክፈል ካሜራውን መሸጥ አላስፈለገውም፤ ተማሪዎቹና ጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቹ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቹ ሆኑለት። «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልሙ በ1993 ሲወጣ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አላገኘም። ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡ ጎረፈ። ቆይቶም ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈተ፤ ዛሬም የመሰባሰቢያ ቦታ ነው። ሙዚቀኛው ያላገኘው ይህንን ነበር፤ የወር ደመወዝ እየከፈለ ዕቃና ክፍል የሚሰጥ፣ ወጣት የሚያቀርብ ተቋም። አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ክቡር ዘበኛ በኋላ ለቀጠረው ለጥላሁን የሰጠው ነገር ሃዋርድ ለኃይሌና ለእስክንድር ከሰጠው ጋር ይቀራረባል። አሠሪው ሲኖር ጥበብ ይደላደላል፤ ዋጋም ያስከፍላል፤ ጥላሁን ከ1960ው መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ክቡር ዘበኛ ውስጥ ስለነበር ታስሯል።

አስቴር አወቀ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እየዘፈነች ቆይታ፣ በ1989 «አስቴር» የተባለው አልበሟ አማርኛ ለማያውቀው ሰሚ ደረሰ። ለድምፅ እንዲህ ያለ ዕድል አልፎ አልፎ ይገጥመዋል፤ ሁሉም ዘፋኝ ሊመካበት የሚችል ነገር ግን አይደለም።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን የተበተነው ባንድ የሚገናኝበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በ1984 ተመሠረተ፤ በየበጋው ጁላይ 4 አካባቢ የእግር ኳስ ውድድሩን በተለያየ ከተማ ያካሂዳል። ስሙ እግር ኳስ ይሁን እንጂ ለሙዚቀኛ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው። ቀን ኳስ፣ ማታ ኮንሰርት፣ ሳምንት ሙሉ። ከሲያትል፣ ከዳላስ፣ ከአትላንታ የመጣ ሙዚቀኛ አንድ መድረክ ላይ ይገናኛል። ሰሚው በሺዎች ስለሚሰበሰብ ሙሉ ባንድ መክፈል ይቻላል። ለአንድ ሳምንት ያህል ያቺ ከተማ የድሮዋን አዲስ አበባ ሥራ ትሠራለች፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል።

እስራኤል የሄደው ሳክስፎን ተጫዋች አባተ በሪሁንም ከዚህ ጋር የሚሄድ ታሪክ አለው። በ1999 ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄደ፤ ሥራው የተሰማው ይስሐቅ ይዲድ ከሚባል ፒያኖ ተጫዋች ጋር ሲጣመር ነው። የጥምረታቸውን ስም «ራስ ደሽን» አሉት። አንድ ሰው አገኘና ሙያው ተመለሰለት።

ስለዚህ ከእናንተ መሃል ጊታሩን፣ ካሜራውን ወይም ኮምፒዩተሩን ይዞ ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሊሄድ የተዘጋጀ ካለ፣ ደመወዙን ከመጠየቁ ጎን ለጎን እነዚህን እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ። እዚያ ከማን ጋር ነው የምሠራው? በሳምንት ስንት ማታ ክፍት ነው? መሣሪያውና ስቱዲዮው የማን ነው? ሥራዬ ቋንቋ ይፈልጋል ወይስ ያለ ቋንቋ ይሄዳል? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ብዙ ይወስናል። ለዚህም ማስረጃዬ ያው «ሸሞንሟናዬ» ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የድሮ ሙዚቃችንን ሲያሳትም፣ አማርኛ የማያውቀው የዓለም ሰሚ ቶሎ ከተቀበላቸው መካከል በመሣሪያ ብቻ የተሠሩት ነበሩ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ ባሕር ዳር ካሴት ሲፈልግ የኃይሉን ሥራ አገኘ። ዋሽንግተን የተቀዳው ካሴት ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰውየውን አፈላልጎ ደወለለትና በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ግርማ በየነም ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ተመለሰ። በ2017 ያወጣውን አልበም የሠራው አካሌ ውቤ ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር ነው፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በፍቅር ያጠኑ ፈረንሳውያን ናቸው። ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ አቀናባሪው የሚያደራጃቸው ሰዎች አገኘ።

ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ከበሮውን የመታው ቶኒ ባክ፣ ቤዙን የተጫወተው ማይክ ማይኮውስኪ ነው። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ያኔ የሚኖሩት ግን በርሊን ነበር። እነሱም ከተማ ቀይረዋል። ድራም ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረውን ቦታ ሰው ተረከበው። አልበሙ በወጣበት ሰሞን ኃይሉ ከ70 ዓመት አልፎ ነበር፤ አውሮፓ ተጫውቶ ሲመለስ ታክሲውን ይዞ ደለስ ላይ ተራውን መጠበቁንም ገና አልተወም ነበር።